ለአይዝጌ ብረት የማይራራ እጅ

አይቪ ስታኒፎርዝ ብረትን የምታውቀው ሰው ጎረቤቱን በሚያውቅበት አኳኋን ነበር፤ የትኛው ቁጡ፣ የትኛው አኩራፊ፣ የትኛው በፈገግታ አዘናግቶ እጅ እንደሚነክስ። ተራው ብረት ደግ ነው ትላለች። ሲበሱት መካከለኛ ዙር፣ ትንሽ ዘይት፣ ደህና ግፊት ከሰጡት ፍቅፋቂው እየተጠቀለለ ይወጣል፣ ሌላ ጣጣ የለውም። በቅርጽ የፈሰሰው ብረት ዘይት አይወድም፤ ደረቁን ሲበሱት ጥቁር ዱቄት እየተፋ ይታዘዛል። ነሐስ ፍጠኑልኝ ባይ ነው፤ ግን ስለታም ፑንታ፣ ማለትም የሚበሳው ጫፍ፣ ሲያገኘው ይነክስና ዕቃውን ቆንጥጦ ከያዘው ሞርሳ ላይ መንጥቆ ያዞረዋል። ስለዚህ አይቪ ነሐስ ልትበሳ ስትል የፑንታዋን ስለት በድንጋይ ትንሽ ታዶለዱመው ነበር። ሰው ሁሉ ስለት ሲያወጣ እሷ ስለት ስታጠፋ ያየ አዲስ ገቢ ይስቅባታል። ሳቁ ነሐሱ እጁን እስኪመታው ድረስ ነው።

አይዝጌ ብረት ግን ቂመኛ ነው። ዙሩን ዝቅ አድርገው፣ ስል ፑንታ ገጥመው፣ የመብሻ ማሽኑን፣ የትራፓኖውን፣ እጄታ በሙሉ ክንድ ከተጫኑት ይበሳል። ካዘኑለት አለቀ። ፑንታው ሳይቆርጥ እየዞረ ለጥቂት ጊዜ እንኳ ላዩን ካሻሸው፣ ያ የተሻሸ ቦታ ይጠነክርና ፑንታውን ራሱን ይበላዋል። «አይዝጌን አትለማመጠው፤ ወይ ቁረጠው ወይ ተወው» ትል ነበር አይቪ። ለምን እንዳላገባች የጠየቋት ጊዜም ይህንኑ መለሰች ይባላል።

ይህን ሁሉ ከማወቋ በፊት የማንኪያና የሹካ ወልዋይ ነበረች፤ እናቷም እንደዚያው፣ የእናቷም እናት። የእንግሊዟ ሼፊልድ ወልዋይ ሴት ቡናማ ወረቀት ከወገቧ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ታጥቃ፣ ቀይ ሻሽ አስራ፣ በሚሽከረከረው የመወልወያ ጎማ ፊት ቀኑን ሙሉ በዘይትና በአሸዋ ስትታጠን ውላ ማታ ጥርሷና የዓይኗ ነጭ ብቻ ቀርቶ ወደ ቤቷ ትገባለች። ዘፈናቸው ሰፈሩን ያናውጣል፣ አፋቸው ፖሊስ መንገድ ያስቀይራል፤ ሳንባቸው ግን እርጅና አይደርስም። የአይቪ እናት ሃምሳ ዓመት ሳይሞላቸው ደረጃ መውጣት አቅቷቸው አልጋቸው ወደ ምድር ቤት ወረደ። አይቪ የእናቷን ሳል በግድግዳው ማዶ እየሰማች ነው ያደገችው።

ጦርነቱ ሲመጣና ወንዶቹ ሲሄዱ፣ በዶን ወንዝ አጠገብ የነበረ አንድ የብረታ ብረት ቤት ሴቶችን ጠራ። አይቪን ወስደው ዊልፍ ባግሾ የተባለ ዘማች ትቶት በሄደ ትራፓኖ ፊት አቆሟት። በመጀመሪያው ሳምንት ፑንታ ሰበረች፣ ጣቷን ቆረጠች፣ አለቀሰችም። በሁለተኛው ወር ግን ዓይኗን ጨፍና፣ ድምፁን ብቻ ሰምታ፣ ፑንታው ሊያልፍ መሆኑን ታውቅ ጀመር። ሥራውን ወደደችው። ሰው ሰውን እንደሚወድ፣ ጠዋት ልታየው እየቸኮለች፣ ወደደችው። ቤቱ አይዝጌ መሥራት ሲጀምር ሌሎቹ ሲሸሹት እሷ ተጠጋችው፤ ስንት ፑንታ አቃጥላ፣ ስንቱን ስድብ ጠጥታ፣ ጠባዩን አጠናችው።

ከዚያ ጦርነቱ አለቀ። ሼፊልድ ጨፈረች፣ አይቪም ጨፈረች። ወንዶቹ አንድ በአንድ ሲመለሱ ደግሞ ሴቶቹ አንድ በአንድ ምስጋናቸውን ተቀብለው ወጡ። በመጨረሻ አይቪ ብቻ ቀረች፤ ለወተት ፋብሪካ የታዘዘ ወፍራም የአይዝጌ ጠፍጣፋ ነበርና፣ እሱን የሚደፍር ሌላ አልነበረም።

አንድ ሰኞ ፎርማኑ ሆረስ ድሮንፊልድ ቆቡን እያሻሸ ወደ እሷ መጣ።

«አይቪ፣ ሆዴ» አላት። በዚያ ከተማ ጢማሙ አንጥረኛ ጢማሙን አንጥረኛ «ሆዴ» ነው የሚለው፤ ስለዚህ ከቃሉ ደግም ክፉም አይታወቅም። «ዊልፍ ነገ ይገባል።»

«እሰይ! ሙሉ አካሉን ነው?»

«ከነእጅ ከነእግሩ። ከስቷል እንጂ። ጀርመኖች ጋ ታስሮ ነው የከረመው።» ቆቡን ገለበጠው። «ትራፓኖው የሱ ነው፤ ታውቂያለሽ። እስካሁን ጠበቅሽለት፣ እግዜር ይስጥልን።»

«ጠበቅሽለት? ዘበኛ መሆኔን ዛሬ ገና ነገሩኝ፣ አቶ ሆረስ።»

«አትቆጪ እንጂ። እሱ ሲሄድ ይህ ቤት አይዝጌ አይነካም ነበር። ሳምንቱን አጠገብሽ ይሥራ፤ ዓርብ የመጨረሻውን ጠፍጣፋ ብቻውን ይብሳ። ከቻለ ቦታው የሱ ነው። ካልቻለ… ወተቱ እሱን አይጠብቅም፤ አንቺ ትቆያለሽ። ከዚህ የበለጠ ፍርድ ከወዴት ላምጣ?»

ፍርዱ መጥፎ አልነበረም፣ ለዚህም ነው አይቪን ያቃጠላት። ሆረስ ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ በስድብ ትገላገለው ነበር። ከዚህ ቤት ከወጣች የሚጠብቃት ያው ጎማ፣ ያው አሸዋ፣ በመጨረሻም ያው ምድር ቤት የወረደ አልጋ ነበር። ስለዚህ ያልመጣውን ዊልፍ ባግሾን ከወዲሁ ልትጠላው ወሰነች።

ሰውየው ግን የሚጠላ ሆኖ አልተገኘም። ማክሰኞ ጠዋት ልብሱ የሰው ልብስ መስሎ ሰፍቶት ገባ፤ ትራፓኖውን ዞሮ ዞሮ አየው፣ መዳፉን አሳረፈበት።

«እኔ ስተወው እንዲህ አልነበረም» አለ።

«ምን ሆነ?» አለች አይቪ፣ ለጠብ ተዘጋጅታ።

«አማረበት። ምን አብልተሽው ነው?»

አይቪ ሳትወድ በግድ ሳቀች። ዊልፍ ተራውን ብረት እንዳልተለየው ሁሉ ይበሳዋል፤ የነሐሱን ፑንታ ሳትነግረው አዶለዶመ። ባለሙያ ነው። ግን ከዚያ እስር ቤት እጁ ለስልሶ ነው የመጣው፤ ዕቃ ሲያነሣ ቀስ፣ ሲያስቀምጥ ቀስ፣ በር እንኳ ሲዘጋ ለበሩ ያዘነለት ይመስላል። እንዲህ ያለ እጅ አይዝጌ ላይ ምን እንደሚገጥመው አይቪ ገና ሲነካው አወቀች።

የሚገጥመው ደግሞ በሻይ ሰዓት መጣ። በዚያ ቤት የሻይ ጡሩንባ ሲነፋ ማሽን ላይ የቀረ እጅ የከሃዲ እጅ ነው። ሻይዋን የሠራተኛ ማኅበሩ ስንት ዓመት ተሟግቶ ነው ያመጣት፤ በሻይ ሰዓት የሠራ ሰው የጓደኞቹን ሻይ እንደደፋ ይቆጠራል፣ ወሩን ሙሉ የሚያናግረው አያገኝም። እያንዳንዱ ሰው ሻይ ቅጠሉንና ስኳሩን በጋዜጣ ቁራጭ ጠቅልሎ፣ የቆርቆሮ ኩባያውን ይዞ፣ ወደ ፈላው ውሃ ይሮጣል። ዊልፍ ያችን ቆርቆሮ በእስር ቤት በሕልሙ ሲያያት ነበር የከረመው። ጡሩንባው ሲነፋ የአይዝጌውን ቀዳዳ ገና ከግማሽ አላሳለፈም፤ እጄታውን በጨዋ ደንብ ለቀቅ አደረገና ሄደ። ማሽኖቹ ሁሉ የሚዞሩት ጣሪያ ላይ ካለው አንድ ዘንግ በወረደ ቺንጋ፣ በቀበቶ፣ ነበርና ፑንታው አልቆመም። ሰውየው ሻዩን እስኪጠጣ ድረስ የቀዳዳውን ወለል ሲያሻሸው ቆየ።

ተመልሶ ሲጫነው ጆሮ የሚበጣ ጩኸት ተነሣ፣ ጢስ ወጣ፣ የፑንታው ጫፍ ሰማያዊ ሆነ።

«ምን አደረግኩ?» አለ ዊልፍ፣ ደንግጦ። «ዙሩ በዝቶበት ይሆን?»

አይቪ ጎንበስ ብላ አየች። የቀዳዳው ወለል መስተዋት ሆኗል። ምክንያቱን ከአምላክ ቀጥሎ የምታውቀው እሷ ነበረች።

«ሊሆን ይችላል» አለች።

አዲስ የተሳለ ፑንታ ገጠመች፤ ዙሩን የመጨረሻው ዝቅተኛ ደረጃ ላይ አውርዳ፣ በክብደቷ ሁሉ ተንጠልጥላ ያን የጠነከረ ቆዳ ሰበረችውና ቀዳዳውን አዳነችው። እንዴት እንዳደረገችው ግን አልነገረችውም። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም፤ ደግሞስ እሱ የጠየቃት ስለ ዙር እንጂ ስለ ሻይ ነው? ረቡዕም ሐሙስም እሱ በሚበሳ ጊዜ ጡሩንባው ቀዳዳ መሃል ሳያገኘው አለፈ። ዊልፍ ዙሩን ቀንሻለሁና ዳንኩ ብሎ አመነ።

«ሰውየው እንዴት ነው?» አሏት እናቷ ሐሙስ ማታ፣ ሞራ የተቀባ ዳቦዋን እየበላች ሳለ።

«ደግ ነው፣ እማዬ። ጣጣው እሱ ነው።»

«ለማን ነው ደግ?»

«ለሁሉም። ለብረትም።»

«እንግዲያው አይበረክትም» አሉ እናቷ፤ ሊስቁ ሲሉ ሳሉ ቀደማቸው፣ አይቪ ጀርባቸውን ይዛ እስኪያልፍላቸው ጠበቀች።

ዓርብ ጠዋት የመጨረሻው ጠፍጣፋ ትራፓኖው ላይ ወጣ። አይቪ የምትሠራው አጥታ ፍቅፋቂ እየጠረገች ቆመች፤ የቤቱ ሰው ሁሉ ሥራ የያዘ እየመሰለ በጎን ያያል። ዊልፍ አንዱን ቀዳዳ ጨረሰ፣ ሌላውን ቀጠለ። እየበሳ በሄደ ቁጥር ትከሻው እየሰፋ መጣ። አይቪም ሳትፈልግ ታደንቀው ጀመር፤ ከሷ የተለየ የራሱ ጸጥ ያለ አኳኋን ነበረው። የመጨረሻውን ቀዳዳ ገና እያጋመሰ ሳለ ጡሩንባው ተነፋ።

መዶሻው፣ ሞረዱ፣ መጋዙ ሁሉ በአንዴ ጸጥ አለ። ሰዎቹ ቆርቆሯቸውን አንሥተው ተንቀሳቀሱ፤ አይቪም የሷን ይዛ ነበር። ዞር ስትል የዊልፍ ጣቶች ከእጄታው ላይ አንድ በአንድ ሲላሉ አየች።

ዝም ብትል ትራፓኖው የሷ ነው። ማንም አይከሳትም፤ እሷ ምን አደረገች? ወደ ሻይዋ ነው የሄደችው፣ እንደ ማንኛውም ጨዋ ሠራተኛ። ሁለት እርምጃ ተራመደች እንኳ። ከዚያ የፑንታውን ድምፅ ሰማችው፤ ከመቁረጥ ወደ ማሻሸት ሊያልፍ ሲል የሚያወጣውን ያን ስስ ማልቀስ።

«አትልቀቀው!» ብላ ጮኸች። «ጫነው! ጫነው አንተ ሰውዬ!»

ከአፍ የወጣ አፋፍ። ቤቱ ሁሉ ዞረ።

«ሻይ ነው እኮ!» አለ ዊልፍ።

«ሻይህን እኔ እቀዳልሃለሁ! በወዲያ በኩል እስኪወጣ እንዳትራራለት!»

«ምን ጉድ ነው? ማነው በሻይ ሰዓት የሚሠራው?» አለ የማኅበሩ ተጠሪ ከወዲያ ማዶ።

ዊልፍ ተጠሪውን አየ፣ አይቪን አየ፣ ከዚያ ጥርሱን ነክሶ ተጫነ። ያ ለስላሳ እጅ ደም ሥሩ እስኪገተር ተጫነ። በዚያ ቤት በሻይ ሰዓት ብረት ሲቆረጥ የሰማ አልነበረም፤ ሰው ሁሉ ቆርቆሮውን ይዞ ቆሞ ቀረ፣ ተጠሪውም አፉን ከፍቶ። ፑንታው ማዶ ሊወጣ ሲል ዊልፍ ግፊቱን ልክ በሰዓቱ ቀነስ አደረገ፤ ይህን ማንም አልነገረውም። ቀዳዳው ጥርት ብሎ አለቀ።

አይቪ ቃሏን አክብራ ሻዩን ቀዳችለት።

«ማክሰኞ የሆነው ይሄ ነው?» አላት ቀስ ብሎ።

«ይሄው ነው።»

ዊልፍ ሻዩን ጨልጦ ቆርቆሮውን መለሰላት።  ማታ ሆረስ ቀዳዳዎቹን በጣቱ ዳሶ ዳሶ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ፣ ለአይቪም ምስጋናውን አቀረበ። እሷ ኮቷን ለብሳ ወጣች። አላለቀሰችም፤ ትራም ላይ ስትወጣ ግን የቀኝ ክንዷ የሚይዘው ያጣ መሰላት።

ሰኞ ወረቀቷን ታጥቃ ጎማው ፊት ቆመች። ሴቶቹ አቅፈው ተቀበሏት፣ ለመሄዷም ለመመለሷም ሰደቧት፣ ዘፈኑን አስጀመሯት። የበረዶው ክረምት እንዲህ አለፈ። ፋሲካ ካለፈ በኋላ፣ አንድ ቀን ከቀትር በፊት፣ የወልዋዮቹ በር ተከፈተና ዊልፍ ባግሾ ቆቡን በእጁ ይዞ ገባ።

ወንድ ልጅ ብቻውን እዚያ ቤት አይገባም። ወተት አመላላሹ እንኳ ወተቱን ደጅ አስቀምጦ ነው የሚሮጠው።

«እልል በሉ፣ ሙሽራ መጣልን!» አለች አንዷ።

«ዝጓል! ሱሪውን አውልቁለትና እንወልውለው!»

«ተይው፣ ከስቷል፤ ጎማው ይጨርሰዋል!»

የዊልፍ ጆሮ ፍም መሰለ፣ ግን ወደ ኋላ አላለም። አይቪ ዘንድ ሲደርስ መሐረቡን ፈታ፤ ውስጡ የተቃጠለ ፑንታ ነበር።

«አይቪ» አለ፣ ከጎማዎቹ ጩኸት በላይ ለመሰማት ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ይሄን አላውቀውም። አላውቅበትም።»

ዘፈኑ ቆመ። የሼፊልድ ባለሙያ ወንድ ጥርሱን ያስነቅላል እንጂ፣ በሰው ፊት፣ ያውም በሴት ፊት፣ ሥራዬን አላውቅም አይልም። ይህን ከሴቶቹ ያልተረዳች አልነበረችም፤ ከዚያ በኋላ አንዲቷም አልቀለደችበትም።

አይቪ እጇን ጠርጋ ፑንታውን ወደ መስኮቱ ይዛው ሄደች።

«ምን ብረት ነው?»

«ለአውሮፕላን ሞተር የሚሆን፣ ኒኬል የበዛበት ነው አሉ። ከአይዝጌም የባሰ።»

«ለቀቅ አድርገኸዋል?»

«አለቀቅኩም። እንዳልሽኝ ነው የጫንኩት።»

«እውነትህን ነው። እየው፣ መሃሉ ደህና ነው። የተቃጠለው የዳር ዳሩ ጥግ ነው።» ፑንታውን አዞረችለት። «እጅህ ልክ ነው፣ ዊልፍ። ዙሩ ነው የበዛው።»

«ቺንጋው እኮ የመጨረሻው ዝቅተኛ ደረጃ ላይ ነው። ከዚያ በታች የለም።»

«ባንተኛው የለም። ግድግዳው ሥር ጆንያ ለብሶ የቆመው አሮጌው ትራፓኖ ግን ከዚያ በግማሽ ይዘገያል።»

«እሱንማ ጠባዩን የሚያውቅለት የለም» አለ ዊልፍ። ወዲያው ቀጠለ፤ «ለዚህ ነው የመጣሁት።»

አይቪ ፑንታውን መለሰችለት። «ይህን ብረት እኔም አላውቀውም» አለች። «አይቼው አላውቅም። ከመጣሁ ስንት ፑንታ አቃጥዬ ነው የማውቀው። ሆረስ ይህን ያውቃል? ለመሆኑ ሆረስ የት አለ?»

«ውጭ ነው። ሴቶቹን ፈርቶ።»

የቤቱ አለቃ እትዬ ኔሊ ይህን ሲሰሙ ወገባቸውን ያዙ። «ፎርማን ነው ወይስ ድመት? አስገቡልኝ!» ሁለት ሴቶች ወጥተው ሆረስ ድሮንፊልድን በክንዱና በክንዱ ይዘው አስገቡት። ከደጁ እስከ አይቪ ድረስ ጥቁር የጣት አሻራ ያላረፈበት የኮቱ ቦታ አልቀረም።

«አይቪ፣ ሆዴ» አለ ትንፋሹን እየሰበሰበ፣ «ይህ ትእዛዝ እስኪያልቅ ድረስ ብቻ…»

«እስኪያልቅ ድረስ የሚለውን ዘፈን አውቀዋለሁ፣ አቶ ሆረስ። እዚህ የተሻለ ዘፈን አለን።»

ሴቶቹ ፈነዱ። ሆረስ ዊልፍን ዞሮ አየው፣ እንዲያግዘው።

«እኔን አትየኝ» አለ ዊልፍ። «የማናውቀው ብረት ሁልጊዜ ይመጣል። አሮጌውን ለሷ ስጣት፣ ለዘለቄታው። ያለዚያ ነገ የማሳይህ ሌላ የተቃጠለ ፑንታ ነው።»

ሆረስ ቆቡን ፈለገ፤ አንዲት ሴት ደፍታው ቆማለች። «እሺ» አለ። «እሺ፣ ያንቺ ይሁን። አሁን ከዚህ አውጡኝ።»

አይቪ አሮጌውን ትራፓኖ ጆንያውን ገፍፋ፣ ዘይት ቀብታ፣ ያን ክፉ ብረት ከዊልፍ ጋር ሲጣሉበት ሰንብተው አሸነፉት፤ ፀጉሯ እስኪሸብትም ከዚያ ቦታ የነቀላት አልነበረም። እናቷ ሞቱ፣ ሆረስ ጡረታ ወጣ፣ ስሙን ያልሰሙት ብረት በየጊዜው መጣ፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመው እየተጨቃጨቁ ዙሩንና ግፊቱን አገኙለት። ከተማው ውስጥ ከዚህ የተሻለ ጥንድ እጅ ነበረ ቢባል ለማመን ይቸግራል።

ያን ዕለት ግን፣ ከወልዋዮቹ ቤት ወጥተው ወደ ወንዙ ቁልቁል ሲወርዱ፣ ሆረስ ኮቱን እያራገፈ ቀድሟቸው ነበር። ዊልፍ መንገዱን ሲያጋምሱ ቆመ።

«ያን ዓርብ ዝም ብትዪ ኖሮ ቦታው ያንቺ ነበር» አላት። «ይሄው ክረምቱን ሙሉ ሳስበው ከረምኩ። ለምን ነገርሽኝ?»

«ማክሰኞ ዝም ብዬህ ነበር እኮ» አለች አይቪ። «ዓርብም ዝም ልልህ ነበር፣ አልዋሽህም። አንተንስ ቀጥቼህ ደህና አድርጌ እተኛ ነበር። ብረቱ ግን ምን በደለኝ?»